ከወንበሩ ጀርባ የነበረችው ትራስ

ወልደኢየሱስ ጎንደር አራዳ ውስጥ ትንንሽ መኪና ይሠራ ነበር። "መጫወቻ" ብሎ የሚጠራበት ሰው ግን ጠብ የፈለገ ብቻ ነው። መጫወቻ የሚሻ ጭቃ ያቡካ፣ እኔ ዘንድ ያለው መኪና ነው እያለ ከደጁ ይመልሰዋል። እንዲያ ቢኮራም አይፈረድበትም። ከሥር ያለውን አካል ከወይራ ይጠርባል፤ ገላውን ከዘይት ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል፤ ጎማውን ካረጀ የብስክሌት ጎማ ይቆርጣል፤ ለመስተዋቱ ደግሞ ከፎቶ አንሺው የለመነውን የተበላሸ ፊልም በሙቅ ውሃ አጥቦ ይገጥማል። በሩን ሲስቡት ይከፈታል። መሪውን በጥፍር ጫፍ ቢያዞሩት የፊት እግሮቹ አብረው ይዞራሉ። ልኩም የታወቀ ነው፤ የእውነተኛው መኪና አንድ ክንድ በእሱ ዘንድ አንዲት ጣት ትሆናለች። ከዚህ ዝንፍ ያለ እንደሆነ ስንት ቀን የደከመበትን ነገር አንሥቶ እሳት ውስጥ ይጥለዋል።

ይህ ግትርነት ከሰማይ አልወረደበትም፤ የወረሰው ካባቱ ነው። አባቱ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ብራና ላይ ጎንብሰው ቅዱሳት መጻሕፍት ሲገለብጡ የኖሩ ሰው። ለልጃቸው ያስተማሩት ሁሉ ቢጠቀለል አንድ ነገር ነው፤ ጸሐፊ ከራሱ አይጨምርም፣ ከመጽሐፉም አይቀንስም። ወልደኢየሱስ በተማሪነቱ አንዲት ቃል ዘሎ ቢያገኙት ገጹን በሙሉ አስፍቀው እንደገና አስጽፈውታል። "ትንሽ ቃል እኮ ናት አባ" ቢላቸው፣ "ትንሽ መሆኗን ማን ነገረህ?" አሉት። በኋላ ጣሊያን መጣ፤ ከጣሊያን ጋር መኪና መጣ፤ ልጁ የመቃ ብዕሩንና ቀለሙን ጥሎ መንገድ ዳር ቆሞ ቀረ። ጣሊያን ወጥቶ ጃንሆይ ሲመለሱም መኪናው አልወጣም፤ የወልደኢየሱስም ፍቅር አልወጣለትም። ዳዊት ሊገለብጥ ተምሮ መኪና ሲቀርጽ ኖረ። የአባቱን ሕግ ግን ይዞት ሄደ። ለዳዊት የወጣ ሕግ ለመኪና ይበጃል ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እሱም ራሱን አልጠየቀም።

ሥራውን የሚሻሙት ብዙ ነበሩ። ሹም ነኝ የሚለው የመሥሪያ ቤቱን መኪና፣ ነጋዴው የራሱን፣ ቄሰ ገበዙ ሳይቀሩ ከአሥመራ ታቦት ያመጣላቸውን የጭነት ካሚዮን አሠርተዋል። አንድ የአራዳ ጨርቅ ነጋዴ ጎንደርን የረገጠች መኪና ሁሉ በቁም ሣጥኑ መስተዋት ውስጥ እንድትሰለፍለት ፈልጎ ወልደኢየሱስን ዕረፍት ይነሣው ነበር። ይኸው ነጋዴ የራሱን ባሊላ፣ ያችን ትንሽ የጣሊያን መኪና፣ ሲያሠራ ከፊት በስተግራ የተጨፈለቀውን ላሜራ "አቃናልኝ እንጂ ወልዴ" ብሎ ቢለማመጠው፣ "መኪናህን አስቃንተህ ና፤ የዚያን ለት እኔም አቃናዋለሁ" ብሎ እንደተጨፈለቀ ሠርቶ አስረከበው። ወሬው ከተማውን አዳርሶ ሰው ሁሉ ሳቀ። ወልደኢየሱስ አልሳቀም። ምን የሚያስቅ ነገር እንዳለው አልታየውም።

ፋንታሁን አብሮ አደጉ ነው። ከአንድ መምህር እግር ሥር አብረው ተቀምጠው፣ አብረው ተገርፈው፣ በኋላ አብረው የኮበለሉ ናቸው። እሱ ሾፌር ሆነ፤ ከጎንደር በደባርቅ አድርጎ ሊማሊሞን ወርዶ አሥመራ የሚገባ ትሬንታ ኳትሮ፣ ያን ጣሊያን ጥሎት የሄደ አፍንጫው ረጅም ካሚዮን ይነዳ ነበር። ሚስቱ ትርንጎ ኮሶዬ ከዋናው መንገድ ዳር ቤት ሠርታ እህል እያሳረሰች፣ ከብት እያረባች ትኖራለች። ፋንታሁን ሲወጣም ሲወርድም እዚያ ያድራል። አዘዞ ደግሞ የሚያድርበት ሌላ ቤት ነበረው። ጠጅ የምትጥል፣ ጥልፍ የምታውቅ የዓለምወርቅ የምትባል ሴት ናት። የእሷ ቤት በትራሶቹ ይታወቃል፤ ሐምራዊ መደብ ላይ አንገቷን ወደ ኋላ የመለሰች ቢጫ ወፍ። ከቤቷ ጠጅ የቀመሰ ሰው ሁሉ ያችን ወፍ ያውቃታል፤ ሌላ ቤት የለችም።

ወልደኢየሱስ የፋንታሁንን ካሚዮን ሊሠራ ካሰበ ቆይቷል። ፋንታሁን ጎንደር በሚውልበት እሑድ እየሄደ፣ ክር እየዘረጋ፣ ክሩ ላይ እየቋጠረ ለክቶ ጨርሷል። አንድ ጊዜ ደግሞ ከውስጥ ሊያያት ብሎ እስከ ኮሶዬ አብሮት ተሳፈረ። የተቀመጠው ከአዘዞ በመጣች፣ ያች ቢጫ ወፍ በተጠለፈችባት ሐምራዊ ትራስ ላይ ነው። ኮሶዬ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ቤቶቹ ከመታየታቸው በፊት ያለችው መታጠፊያ ላይ፣ ፋንታሁን መኪናውን አቆመ።

"ተነሥ እስቲ ወልዴ" አለው። ትራሷን ከሥሩ መዘዘና ከወንበሩ ጀርባ፣ ከካቢናው ግድግዳ ጋር ወትፎ ሸጎጣት። ጠቅጥቆ ስላልጨረሳት የወፏ ራስ ወጥቶ ቀረ፤ እንደገና በአውራ ጣቱ ደፈቃት። ከዚያ ሳቀ። "ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሆድ ይፍጀው" አለ።

ወልደኢየሱስ ጓደኛውን መገሠጽ ነበረበት፤ አልገሠጸውም። እንደ ልማዱ ዓይኑ ብቻ ሠራ፤ ትራሷ እንዴት እንደተጣጠፈች፣ ወፏ በየትኛው ጎኗ እንደተደፋች መዘገበና አስቀመጠ።

በዚያው ክረምት ማለቂያ ሊማሊሞ ላይ ዝናብ የበላው የመንገድ ዳር ከፋንታሁን ካሚዮን ሥር ተናደ። እሱም መኪናውም ገደል ገቡ። አስከሬኑን ገበሬዎች በገመድ አውጥተው ደባርቅ ቀበሩት፤ መኪናዋን ግን ማን ያወጣታል? እዚያው ቀረች። መርዶው ኮሶዬ ሲደርስ ትርንጎ መሬት ለመሬት ተንከባለለች፤ ፊቷን ነጨች፤ ጠጉሯን ተላጨች። አገሩም ለቅሶውን የሚያለቅስበትን ቀን ቆረጠ።

የፋንታሁን ታላቅ ወንድም አያ ዋኘው አራዳ የመጣው በዚህ ነገር ነው። ረጅም፣ ንግግሩ ቁጥብ ገበሬ ነው፤ ወልደኢየሱስ ደጃፍ ላይ ባለችው መደብ ተቀምጦ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

"የኛን አገር ለቅሶ ታውቃለህ" አለ። "ፈረስ ያለው ፈረሱ ተጭኖ ይዞርለታል። ነፍጥ ያለው ነፍጡ ይታይለታል። ወንድሜ ፈረስ የለው፣ ነፍጥ የለው። መቃብሩም እኛ ዘንድ አይደለ። ምን ይዘን እናልቅስለት? የሱ ፈረስ ያች ማኪና ነበረች፤ እሷም አብራው ገባች።"

"እሠራታለሁ አያ ዋኘው" አለ ወልደኢየሱስ፤ ሌላ ነገር እስኪነገረው አልጠበቀም።

"ሸጋ አርገህ ሥራት። ትርንጎም ይኸንኑ ነው የለመነችህ። 'እሱን ባላይ ማኪናውን ልይ' አለች።"

"ሸጋ አላደርጋትም። እንደነበረች አደርጋታለሁ" አለው።

አያ ዋኘው ይህ ትሕትና ይሁን ትዕቢት አልገባውም፤ ብቻ መርቆት ሄደ።

ወልደኢየሱስ የሌላውን ሰው ሥራ ሁሉ ጥሎ እሷን ያዘ። እያለቀሰ ነበር የሚሠራት፤ ይህን ልንነፍገው አይገባም። ፋንታሁን መሪው እንዳያንሸራትተው የጠመጠመበትን ጨርቅ ጠመጠመላት። ግራ መብራቷ የተሰነጠቀ ነበር፤ ፊልሙን በመርፌ ሰነጠቀው። ከኋላ ያለው የጭነት ሳንቃ አንዱ ተሰብሮ በባሕር ዛፍ ስለተተካ፣ አንዷን ሳንቃ ብቻ ከባሕር ዛፍ ጠረባት። ዳገት ላይ ስትቆም ጎማዋ ሥር የሚደረገውን ድንጋይ ሳይቀር በቦታው ሰቀለላት። ከዚያ ወደ ካቢናው ውስጥ ገባ። ወንበሩን ሠራ፤ የወንበሩን ቁርበት አለበሰ። የቀረችው ትራሷ ነበረች።

ሚስቱ ሐረገወይን በረንዳው ላይ ጥጥ ትፈትላለች። "ሐምራዊና ቢጫ ክር ይኖርሻል?" አላት።

"ለምንህ ነው?"

"ለፋንታሁን ትራስ።"

የሐረገወይን እንዝርት ቆመ። "የዓለምወርቅን ትራስ? እዚያ ውስጥ ልታገባት ነው?"

"ነበረቻ።"

"ብትኖርስ!" አለች። ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ስትቆጣ ነው ዝቅ የምታደርገው። "ትርንጎ እዚህ ተቀምጣ ያለችኝን ነግሬህ የለም? አዘዞ ድረስ ሄዳ ያችን ሴት ፊት ለፊት ጠይቃታለች። ሴትዮዋም ያችው ወፍ ባለችበት ትራስ ላይ አስቀምጣ፣ ጠጅ ቀድታ ካደቻት። እሱም ቁስቋምን ጠርቶ፣ 'ከዚያች ሴት ቤት የወጣ ክር እንኳ ማኪናዬ ገብቶ አያውቅም' ብሎ ምሎላታል። በዚያች መሐላ ነው ስትኖር የቆየች። አሁንም በዚያች መሐላ ነው የምታለቅስለት።"

"ከወንበሩ ጀርባ ነው የማደርጋት። እዚያው እሱ የሸጎጣት ቦታ። ማንም አያያትም።"

"ማንም ካላያት ለማን ነው የምትሠራት?"

ወልደኢየሱስ ተቆጣ። "እንግዲህ የራሴን ዓይን ልዋሽ ነው?" አለ።

"ዓይንህን ማን ዋሽ አለህ? እጅህን ሰብስብ ነው ያልሁህ። ተዋት በናትህ። ሰውየው ሞቷል፣ ማኪናዋም ሞታለች፣ ትርንጎ እንኳ ትኑር።"

ክሩን አልሰጠችውም። ከገበያ ገዛው።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በዚያች ሰዓት የያዘው የእውነት ፍቅር ብቻ አልነበረም። ወፏ ናት የያዘችው። በአውራ ጣት ጥፍር ልክ ባለች ጨርቅ ላይ፣ አንገቷን ወደ ኋላ የመለሰች ወፍ፣ ዓይኗ ሳይቀር ልትታይ ትችላለች ወይ? ይህን ማወቅ ፈለገ። ክሩን ለሁለት ሰንጥቆ፣ የሰነጠቀውን መልሶ ሰንጥቆ ጠለፋት። ሦስት ጊዜ አበላሽቶ ጣላት። ስትወጣለት ግን ወጣችለት፤ መዳፉ ላይ አድርጎ እያየ ብቻውን ፈገግ አለ፤ ለጓደኛው ለቅሶ እየሠራ መሆኑን ለጊዜው ረስቶታል። ከዚያ እንደዚያን ቀኑ አጣጥፎ ከወንበሩ ጀርባ ወተፋት፤ የወፏንም ራስ በወስፌ ጫፍ ደፈቃት።

የለቅሶው ቀን ኮሶዬ ለሰው ጠበበች። ከወገራ፣ ከዳባት፣ ከጎንደርም ሾፌሮች መጥተዋል። ብርዱ ከገደሉ በኩል ይነፍሳል፤ ሜዳው ላይ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ክብ ሠርተው ቆመዋል። አያ ዋኘው አንዲት በቅሎ በሙሉ ዕቃዋ አስጫነና በኮርቻው ላይ መኪናዋን አስቀመጣት። እንዳትወድቅ ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ ደገፏት።

በቅሎዋ ወደ ክቡ ስትገባ ጩኸቱ ተነሣ። "እሷው ናት! ኧረ እሷው ናት!" አለ አንድ ሾፌር፤ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ። የተሰነጠቀውን መብራት አዩ። የባሕር ዛፏን ሳንቃ አዩ። ፋንታሁን ከእርሻ ቦታ እስከ ገበያ በነጻ የጫናቸው ባልቴቶች ያችን ድንጋይ እያሳዩ ደረታቸውን መቱ። አልቃሿም ፈረሱን ትታ መኪናዋን ታወድስ ጀመር፤ አቀበት የማይበግራት፣ ጭነት የማይከብዳት፣ ጌታዋን ግን ገደል አፍ ላይ የከዳች እያለች። ሰው አንጀቱ ተላወሰ።

ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ሲያልፉ ደግሞ ወልደኢየሱስን እየጠቆሙ ይንሾካሾካሉ። "ይኸ ነው የሠራት?" "እሱ ነው፤ የመሪጌታ ልጅ።" "ምን ያለ እጅ ነው፣ እጁን ይባርከው!" አንዱ ሽማግሌ ትከሻውን ይዞ፣ "ልጄ፣ የጎደለ ነገር የላትም" አለው። ወልደኢየሱስ ዕንባው በጉንጩ ይወርዳል፤ ልቡ ግን ያብጣል። ሁለቱም እውነት ነበሩ። ሰው እንዲህ ነው፤ ወዳጁን እየቀበረም ሙገሳ ይጠማዋል።

ትርንጎ እስከዚያ ድረስ ሴቶች ደግፈዋት ቆማ ነበር። በቅሎዋ ከፊቷ ስትደርስ፣ "አውርዱልኝ" አለች። መኪናዋን አወረዱና ሣሩ ላይ በተነጠፈ ጋቢ አስቀመጡላት። አጠገቧ ተንበረከከች። አልቃሿ ሙሾዋን አቋረጠች።

ትርንጎ የሾፌሩን በር በሁለት ጣቷ ከፈተች። በሩ መከፈቱ አስደነገጣት፤ ከዚያ ዕንባዋ እንደገና መጣ። አንድ ጣቷን ወደ ውስጥ አግብታ የተጠመጠመውን መሪ ነካች፤ "እዚህ ላይ ነበር እጁ" አለች። ወንበሩን ዳሰሰች፤ "እዚህ ላይ ነበር የሚቀመጥ።" ሴቶቹ አብረዋት አነቡ። ጣቷ ወንበሩን ይዞ ወደ ላይ ወጣ፤ ከወንበሩ ጫፍ አልፎ ወደ ጀርባው ወረደ። ያች መኪና ሁለንተናዋ ቆርቆሮና እንጨት ነው። ከወንበሩ ጀርባ ግን የትርንጎን ጣት አንድ ለስላሳ ነገር ነካት።

ወልደኢየሱስ ከኋላዋ ቆሞ ያያል።

ትርንጎ ነገሩን በጥፍሯ ስባ አወጣችው። መዳፏ ላይ አድርጋ ዘረጋችው። ወፏ ተዘረጋች፤ ሐምራዊ ላይ ቢጫ፤ ዓይኗ ሳይቀር። ትርንጎ ያችን የአዘዞ ወፍ አወቀቻት። ቦታዋም ገብቷታል፤ ወንበር ላይ ብትሆን የማንም ተሳፋሪ ናት ይባላል፤ የተደበቀች ትራስ ግን ነገር አለባት፤ ከሚስት ካልሆነ ከማን ትደበቃለች?

ቀና ብላ ወደ ኋላ ወልደኢየሱስን ፈለገች። ሲተያዩ ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። የሚለምን ፊት ነበር።

"አያ ወልዴ" አለችው በቀስታ፤ "ይችን አንተ ነህ የጨመርኻት?"

ጊዜ ነበረው። አንዲት ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። "አዎ" ቢል፣ "ውበት ይሁናት ብዬ ነው" ቢል፣ "ከገበያ ያየኋት ጥልፍ ናት" ቢል፣ ማን ይመረምረዋል? ሐረገወይን ከሴቶቹ መካከል ሆና በዓይኗ ትማጸነዋለች። እሱ ግን ከጠዋት ጀምሮ "የጎደለ የላትም" ሲባል የዋለ ሰው ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ደግሞ "ጨመርህ" የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ሲሰማ የኖረ ሰው ነው። አፉ ልቡን ቀደመው።

"እኔ?" አለ። "እኔ ከራሴ አልጨምርም።"

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ምን እንዳደረገ ገባው። ሊመልሰው አፉን ከፈተ፤ የሚመለስ አልነበረም። ትርንጎ ራሷን ነቀነቀች፤ የሚያውቀውን ነገር እንደነገሩት ሰው። ትራሷን በጡጫዋ ውስጥ ጨበጠች፤ የመኪናዋን በር ቀስ ብላ ዘጋች፤ ተነሣች።

"በቃ" አለች። "ሰዉ ይብላና ይሂድ። ብርድ ነው።"

ሰዉ ተያየ። አልቃሿ ልትቀጥል ብትል ትርንጎ ፊቷን አዙራ ወደ ቤቷ ሄደች። ሐዘኑ ቢጸናባት ነው አሉ። አያ ዋኘው ብቻ በቅሎዋን ይዞ ሜዳው መካከል ቀረ፤ ምን እንደሆነ አልገባውም።

ሐረገወይን ወደ ጎንደር ሲመለሱ ብትሰድበው በወደደ። ቤት ሲደርሱ ቀሚሷን ቀይራ፣ "ራትህን ላቅርብ?" ብላ ብቻ ጠየቀችው።

ለአርባው ተዝካር ትርንጎ ጌሾ አስወቅጣ፣ ብቅል አብቅላ፣ ማር አስገዝታ ነበር። ጌሾውንም ብቅሉንም ለጎረቤት ሰጠችው። አያ ዋኘው መጥቶ፣ "ምነው ትርንጎ፣ ምነው?" ቢላት፣ "ወንድምህ ነው፤ አንተ አውጣለት" አለችው። እሱም እንዳቅሙ፣ ለጥቂት ካህናት ዳቦና ጠላ አቅርቦ ትንሽ ነገር አደረገ። አገሩ ትርንጎን አማት። የባሏ አፈር ሳይደርቅ የረሳች፣ ነፍሱን ያለ ተዝካር ያስቀረች ልበ ደረቅ ተባለች። በገበያ መንገድ ሲያገኟት ሴቶች ፊታቸውን ያዞሩባት ጀመር። እሷ ደግሞ አንዲት ቀን እንኳ አፍ አውጥታ "ባሌ እንዲህ አድርጎኝ ነው" አላለችም። ስሙን ጠብቃለት፣ የራሷን ስም ሰጠች።

ይህን ሲሰማ ነው ወልደኢየሱስ እንቅልፍ ያጣው። አንድ ጓደኛ ነበረው፤ ለዚያ ጓደኛ ነፍስ የሚጸልይ ሰው አሳጣው። የጓደኛው ሚስት ከባሏ የቀራት አንዲት መሐላ ነበረች፤ እሷንም ነጠቃት። ደግሞ በሐሰት ቢሆን ኖሮ ይቀለው ነበር። ያጠፋው በእውነት ነው፤ ስለዚህ ንስሐ አባቱ ፊት ሲቆም እንኳ ምን ብሎ እንደሚጀምር ጨነቀው። "ምን በደልህ ልጄ?" ሲሉት፣ "እንደነበረ ሠራሁ አባቴ" አለ። ቄሱም "ይህማ ምን ኃጢአት አለው" ብለው ሸኙት።

ኮሶዬ ሄዶ፣ "ዋሽቼሻለሁ፤ ከራሴ የጨመርኋት ናት" ሊላት ወሰነ። ከገና በኋላ እሄዳለሁ አለ። ከጥምቀት በኋላ አለ። ጾሙ ይግባ፣ ጾሙ ይውጣ አለ። የሚላትን ግን በልቡ አንድ በአንድ አዘጋጅቶታል፤ ጥልፏን የት እንዳያት፣ ለምን እንዳማረችው፣ ከወንበሩ ጀርባ ያደረጋትም ወንበሩ ላይ ስላልተመቸችው መሆኑን። አንድም ቀዳዳ እንዳይኖረው አድርጎ ሠራው። እንደ መኪኖቹ ሁሉ እየፈታ እየገጠመ ዓመታት አሳለፈበት።

የሄደው ደባርቅ ያለ ሹም አዲሷን ላንድሮቨሬን ሥራልኝ ብሎ ባስጠራው ጊዜ ነው። አውቶቡሱ ኮሶዬ ላይ ለምሳ ቆመ። ከመንገዱ ዳር ያለችው ምግብ ቤት የትርንጎ መሆኗን የሰማው እዚያው ነው። እርሻውን ትታ ለመንገደኛ እንጀራ ታቀርባለች። ጠጉሯ አድጓል፤ ጥቂት ሸብቷል። ሲገባ አወቀችው። "እንደምን ሰነበትህ አያ ወልዴ? ሐረገወይን ደኅና ናት?" ብላ እንደ ማንኛውም ዘመድ ሳመችው፤ ሽሮ በቃሪያ አቀረበችለት።

እንጀራውን አልነካውም። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች በየጠረጴዛው ይንጫጫሉ። እሷ ውሃ ልትቀዳለት ጎንበስ ስትል፣ "ትርንጎ" አላት፤ "ያች ትራስ... ከራሴ የጨመርኋት ናት። ጥልፏን ገበያ ላይ አይቼ ነው። ፋንታሁን ማኪና ውስጥ አልነበረችም።"

ትርንጎ ውሃውን ቀድታ ጨረሰች። ጣሳውን አስቀመጠች። ከዚያ ከፊቱ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ድካም የተሰማት ትመስል ነበር።

"ያን ለት ብትለኝ ኖሮ አምንህ ነበር" አለችው።

"ትርንጎ፣ በሥላሴ—"

"አትማል። መሐላ ጠግቤያለሁ።" ድምጿ ቁጡ አልነበረም። "እኔ እኮ ገና ጣቴ ሲነካት አውቄያታለሁ፣ አያ ወልዴ። ላውቅ ብዬ አልጠየቅሁህም። ተዝካሩን ላወጣለት ፈልጌ ነው። 'እኔ ነኝ' እንድትለኝ ነበር የጠየቅሁህ። የሚዋሸኝ አንድ ሰው ነበር የፈለግሁ፤ እሱን ሊያደርግ የሚችል ደግሞ አንተ ብቻ ነበርህ።"

ውጭ አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ፤ ተሳፋሪዎቹ እየተጋፉ መነሣት ጀመሩ። ወልደኢየሱስ ያን ሁሉ ዓመት ያዘጋጀው ነገር አልቆበታል።

"ብላ እንጂ" አለችው ትርንጎ፤ "መንገድ ነህ።" ከዚያ ተነሥታ የሌሎቹን ሳህን ልታነሣ ሄደች።